የጋውኑ አንገት

ጥር 25፣ እሁድ

ከፊት ረድፍ አወጡኝ። በኃይሉ ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ፤ የኳየሩ መሪ ስለሆነ ክፉ ወሬ ማድረስም የእሱ ሥራ ነው። «ሳምሪ፣ ለፋሲካ በምንቀርጸው መዝሙር ከኋላ ብትሆኚ ድምፅሽ ይበልጥ ይሰማል» አለኝ። ስምንት ዓመት ከፊት ስዘምር ድምፄ አልሰማ ብሎት አያውቅም። ካሜራ ሲመጣ ጆሮው ተደፈነ። ደግሞ ሲያወራኝ ዓይኔን አያይም፣ አገጬን ነው የሚያየው። አገጬ ላይ ጠዋት አንድ ብጉር ፈንድቶ ነበር።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሰው በአስራ ስድስት ዓመቱ የሚጨርሰውን እኔ በሃያ ስድስት ጀመርኩት። ከጉንጬ እስከ አንገቴ ቀይ፣ ጫፉ ቢጫ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ያብጣል። ትልቁን በሁለት ጣቴ ጨመቅኩት፣ መግሉ መስታወቱ ላይ ተረጨ። ራሴን ተጸየፍኩት። ጠረግኩና ሌላውን ጨመቅኩ።

እማዬ ከበሩ ጀርባ፦ «ኧረ አትነካኪው! ስታገቢ ይጠፋል።»

ይሄን ፊት የሚያገባው ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ጥር 28፣ ረቡዕ

መጀመሪያ ሰፈራችን፣ አዲስ ከተማ ካለው ፋርማሲ ገባሁ። ባለቤቱን ሙክታርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለብጉር የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ስጠኝ አልኩት። «ያለ ማዘዣ አልሰጥም» አለኝ። ሌላ ቤት ይሰጡኛል ስለው፦ «እንግዲያው እዚያ ሂጂ፤ እኔ ግን ነገ እንዳትረግሚኝ ብዬ ነው።» አናዶኝ ወጣሁ። ግን ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የቆዳ ሐኪሟ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ፊቷ እንደ እንቁላል ነው፣ ጠላኋት። ዶክሲሳይክሊን አዘዘችልኝ፣ በቀን አንድ፣ ለሦስት ወር። ከሱ ጋር ማታ ማታ የሚቀባ ቱቦ። «ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ያለ ቅባቱ ከወሰድሽው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ክኒኑ ሲያልቅም ቅባቱ ይቀጥላል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጪው፣ ውጠሽ ወዲያው አትተኚ። ከወተት ጋር እንዳይሆን። ፀሐይ ተጠንቀቂ። ቅባቱ ደግሞ የጨርቅ ቀለም ይበላል፣ ትራስሽን አስቢበት። በስድስት ሳምንት ተመለሺ። እርጉዝ ነሽ?»

«በየት በኩል!» አልኳት።

ይህን ሁሉ ስታወራ እኔ የሰማሁት ሦስት ወር የሚለውን ነው። ለፋሲካ ሊያልቅ ምንም አይቀረውም።

ተመልሼ በማዘዣው ከሙክታር ገዛሁ። ከእሱ በቀር ለማንም አልናገርም። ቤተ ክርስቲያን ከሰሙ ፊቷን የምታመልክ ይሉኛል። ለእማዬ መንገር ደግሞ ለሰፈሩ መንገር ነው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጬ ወዲያው ተኛሁ። ሌሊቱን ደረቴ ውስጥ ትኩስ ድንች የተሰነቀረ መሰለኝ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ዛሬ እማዬ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ወተት አፍልታ ሰጠችኝ፤ ክኒኑን በሱ ወሰድኩት። ከዋጥኩ በኋላ የሐኪሟ ነገር ትዝ አለኝ። ደደብ።

የካቲት 9፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ የመዝሙር ጋውናችንን ሳናወልቅ እትዬ ብዙአየሁ ክንዴን ያዙኝ። የጸሎት ቡድኑን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «ነይ እስኪ ልጄ፣ ይሄ ፊት የጠላት ሥራ ነው» አሉ። ጮክ ብለው ነው ያሉት፤ ያልሰማ ካለ እንዲሰማ። አራት ሴቶች ከበቡኝ። ትከሻዬን፣ አንገቴን፣ ግንባሬን ያዙ። የአንዷ እጅ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ቅባቱን ጠዋትም አንገቴ ድረስ ተለቅልቄ ነበር፣ ቶሎ ይሠራል ብዬ። እጃቸው ላይ ሲያድጥ ይሰማኛል። ላብ መስሏቸው ይሆናል።

ከኋላቸው ሩት ቆማ ለእኔ ታለቅሳለች። ሩት ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ የምትመጣ የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጋውኖቹን የምታጥበውና የምትተኩሰው እሷ ናት። የሚጥል በሽታ አለባት፣ ሁሉም ያውቃል። ዓምና ለጸሎት ወንዶ ገነት ሄደን አጠገቤ ወደቀች፤ የአፏ አረፋ ቀሚሴ ላይ ቀረ። ቀሚሱን ሁለተኛ አልለበስኩትም። አሁን ክኒን ትወስዳለች፣ ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም ይላሉ። ቢሆንም እንዲህ ስትጠጋኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ጸሎቱ ሲያበቃ በራሷ ኩባያ ውሃ አመጣችልኝ። ግማሹን ጠጥታለት ነበር። ከንፈሬን አስጠግቼ የጠጣሁ መስዬ፣ ወጣ ብዬ አበባው ሥር ደፋሁት። ይሄን መጻፍ ራሱ ይቀፋል። ግን ደፋሁት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ አፍንጫዬ ተቃጠለ። ፀሐይ ተጠንቀቂ ብላኝ ነበር።

ቢሮ መስኮቴ ላይ አንድ ደንበኛ የመኪና ኢንሹራንሱን ሊያድስ መጥቶ፦ «እህት፣ ፊትሽን ምን ነካው? የጎመን ጭማቂ ሞክሪ፣ እህቴን ያዳናት እሱ ነው» አለኝ። የዚህ ሳምንት አራተኛው ሐኪም ነው። ማር፣ የእንቁላል ነጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን። ፊቴን ወጥ ሊያደርጉት ነው።

የካቲት 30፣ እሁድ

ሰማያዊ ትራስ ልብሴ ጉንጬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነጣ። እማዬ በረኪና ያፈሰሰ ማነው ብላ ቤቱን አመሰችው። 

ጋውኔም እንደዚሁ። ሩት የታጠበውን ስትሰጠኝ አንገቱን ገልጣ፦ «እህት ሳምሪ፣ እዚህ ጋ ነጭ ነጭ ሆኗል፤ ምንድነው?» አለችኝ። በወይን ጠጅ ጨርቅ ላይ አራት አምስት ነጠብጣብ። «እንጃ» አልኳት።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ጠራ! ሦስት ቀን ዝም ያልኩት እንዳላሟርትበት ነው። አገጬ ለስላሳ ነው። ጠባሳው አለ፣ እብጠቱ ግን የለም። በኃይሉ ዓይኔን አየኝ። ዓይኔ እንዳለ ያወቀው ዛሬ ነው። «ለቀረጻው ከፊት ሁኚ፣ ድምፅሽ ያስፈልገናል» አለ። አስጠላኝ። ደግሞ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ የባሰ አስጠላኝ።

የስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ በዚህ ሳምንት ነው። አልሄድም፣ ለምን እሄዳለሁ?

መጋቢት 14፣ እሁድ

እትዬ ብዙአየሁ ከመድረክ ጠሩኝ። «እህታችን ሳምሪ ትመስክር! ፊቷን እዩት!» ማይክራፎኑን አፌ ላይ ደገኑት። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እግዚአብሔር ፈወሰኝ አልኩ። ይሄ ውሸት አይደለም፤ መድኃኒቱንስ የፈጠረው ማነው? እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን፦ «ያለ ምንም መድኃኒት?» አሉ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ራስ መነቅነቅ በማይክራፎን አይሰማም። ግን አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

አሁን ማታ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር እማዬ፤ የራስ መነቅነቅ ወለምታስ በምን ይታሻል? አንድ ነገር አሰብኩ። ከዛሬ ጀምሮ ክኒኑን አልውጥም፣ ቅባቱንም አልቀባም። ካቆምኩና ፊቴ እንደጠራ ከቀረ ምስክርነቴ ወደ ኋላ ሄዶ እውነት ይሆናል። የቀረውን ክኒን በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ቀለለኝ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ልምምድ ነበር። ሩት በር ላይ ጠብቃ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ባጃጅ ይጠብቀኝ ስለነበር ባጭሩ መለስኩላት።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ተቀረጽን። ከፊት፣ መሃል ላይ። የጋውኔን አንገት ነጩ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ካሜራ የያዘው ልጅ «እንዴት ያለ ፊት ነው!» አለ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

አገጬ ሥር ሦስት።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሰባት። ፓውደር ገዛሁ። መቁጠር አቆማለሁ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጋውኖቹ ሳይተኮሱ ቀረቡ፣ ሁለት ሦስቱም ጎድለዋል፤ ከላም አፍ የወጡ ነው የሚመስሉት። ሩት የለችም፤ የት እንዳለችም የሚያውቅ የለም። በኃይሉ ተነጫነጨ። እኔም ተነጫነጭኩ፤ የተጨማደደ ጋውን ለብሼ፣ ፓውደር እንደ ኖራ ተለስኜ ነው የትንሣኤን መዝሙር የዘመርኩት። ለሩት አልደወልኩም። ማንም አልደወለም።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

በኃይሉ ቢሮ ደወለልኝ። ሩት ቅዳሜ ወድቃለች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሁለት ሦስት ጋውን ቤቷ ወስዳ በከሰል ካውያ እየተኮሰች ነበር አሉ። ካውያው ተገልብጦ ፍሙ ቀኝ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። እናቷ እስክትደርስ እዚያው ላይ ተኝታበት ነበር።

ክኒኗን ከወር ገደማ በፊት አቁማ ኖሯል። ለምን እንዳቆመች በኃይሉ አላወቀም።

የማን ጋውን እየተኮሰች እንደነበር አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ብዙ ሰው በራሱ ጊዜ ክኒን ያቆማል። ይረሳል። ይሰለቻል። ክኒን መዋጥ የሚሰለች ነገር ነው፣ እኔ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ቡሹሎ ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ይዤላት ሄድኩ።

ሩት አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ቤቱ የቁስልና የቅባት ሽታ አለው። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ማቅለሽለሽ ነው። ይሄን ለማንም አልናገርም፣ ለዚህ ደብተር ግን እናገራለሁ፤ እዚህ የዋሸሁት ይበቃል።

እናቷ በሲዳምኛ ለሩት የሆነ ነገር ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ክንድ ነው የተቃጠለው። ፊቷ ተርፏል። ጌታ ይመስገን፣ ሴት ልጅ ፊቷ ነው» አሉኝ። ፓውደር የተለሰነ ፊቴን ይዤ አሜን አልኩ።

ክኒኗን በቆሎ ጆንያ ውስጥ ደብቃው አገኙት። ሐኪሙ ድንገት ማቆሙ ነው የጣላት ብሏቸዋል። «ለምን አቆምሽ ስላት መልስ የላትም» አሉና ውሃ ሊቀዱ ወጡ።

ለእኔ መልስ ነበራት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ጋውንሽን ሳጥብ ነጩን አየሁት። እጅ የጫኑብሽ ቦታ ላይ ልክ ልኩን ነው፣ የጣት ይመስላል። በሳሙና አሸሁት፣ አለቀቀም። እግዚአብሔር ምልክት ትቶልሻል አልኩ። አንቺ ስትመሰክሪ ነገሩ ገባኝ። ግን እንዲሁ ዝም ብዬ አላቆምኩም እህት ሳምሪ። መጀመሪያ አንቺን ጠየቅኩሽ።»

የደብተሩን ገጽ ወደ ኋላ ገለጥኩት። መጋቢት 16 «የሆነ ነገር ጠየቀችኝ» ብያለሁ። የጠየቀችኝ ይሄን ነው፦ «እውነትሽን ነው፣ አንድም ክኒን አልወሰድሽም?» የመለስኩላት ደግሞ፦ «አንድም።»

ያን ቀን የሚጠብቀኝ ባጃጅም አልነበረም።

እዚያ እያለሁ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። እሷ ቀድማ ፊቴን ትኩር ብላ አየችና «አሁን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ሙቀት ነው» አልኩ። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ባጃጁን አስቁሜ ወደ ሐይቁ ዞሬ አስታወክሁ። ሾፌሩ ሶፍት ሰጠኝ።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት መጣ፣ ሄደ። ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ሙክታር ጋ ሄጄ ዶክሲውን ልጀምር ነው፣ የጎደለውን ስጠኝ አልኩት። መቼ እንዳቆምኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ያዘ። «ከወር በላይ አቋርጠሽ እንደገና በራስሽ? ሂጂ፣ ሐኪሟን አናግሪ።» ልወጣ ስል ጠራኝ፦ «በዚያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያናችሁ ስንት ሴት መጥታ ሳምሪ ምን ወስዳ ነው የጠራችው አለችኝ መሰለሽ። የሰው ገመና አላወጣም ብዬ መለስኳቸው።»

እሱ እውነቱን ስለ እኔ ብሎ ደበቀ። እኔም ስለ እኔ ብዬ ደበቅኩ።

ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አልዳንሽም ነበር እኮ፣ ገና እየተሻለሽ ነበር። ስምንት ሳምንት እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ በላይ አንቲባዮቲክ የለም። ቅባቱ ግን ይቀጥላል፣ ምናልባትም ዓመት። በአንድ ጀምበር የሚጠራ ፊት የለም» አለችኝ። ፊቷን ዛሬ በቅርብ አየሁት። ጉንጯ ላይ እንደ እኔ ያለ የቆየ ጠባሳ አላት።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ተናገርኩ።

አስቀድሜ ለፓስተር ደረሰ ነገርኳቸው።  «እግዚአብሔር የአንቺ ውሸት አያስፈልገውም ነበር» አሉና ማይክራፎኑን ሰጡኝ። የዶክሲውን ባዶ ሽፋን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። በየቀኑ ክኒን ስወስድ ነበር፣ ዋሽቻለሁ፣ እኔን አምና መድኃኒቷን ያቆመች እህት ተቃጥላለች አልኩ። እልል ያለ የለም። ፓስተሩ ተቀብለው፦ «መድኃኒት የታዘዘላችሁ ሁሉ ዋጡ፤ ሐኪማችሁ በቃ ሳይል በእኛ ጸሎት ምክንያት የሚያቆም እንዳይኖር» አሉ።

ጋውኔን ለበኃይሉ ልመልስ ስል አልቀበልም አለ። «ነጥቷል፣ ማን ይለብሰዋል» አለኝ። ቪዲዮው ግን ወጥቷል፤ እዚያ ላይ እኔ ከፊት ነኝ፣ ፊቴ ጥርት ብሎ። እሱ አይጠፋም።

እትዬ ብዙአየሁ በር ላይ ይዘውኝ፦ «ምነው ልጄ ዝም ብትዪስ? ሕዝቡ ተጽናንቶበት ነበር እኮ» አሉ። እሳቸው ሲሄዱ አንዲት ልጅ ተጠግታ በጆሮዬ፦ «የክኒኑ ስም ማን ነበር?» ሌላዋ ደግሞ፦ «ያለ ማዘዣ የት ይሸጣል?» የግቢው በር ጋ እስክደርስ አምስት ሆኑ። አምስተኛዋ ተመልሰው የመጡት እትዬ ብዙአየሁ ናቸው፣ ለልጃቸው። ሐኪም ጋ ሂዱ እያልኩ ወጣሁ። መሳቅም ማልቀስም አቅቶኝ መንገድ ላይ እንደ እብድ ብቻዬን አጉረመረምኩ።

ለዚያ ሁሉ ሕዝብ መናገር ለአንድ ልጅ ከመናገር ቀለለኝ። ለሩት እስካሁን አልነገርኳትም።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ቡሹሎ። ያለ ፓውደር።

ሩት ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። ሰላምታዬን ሳትመልስ «ሰምቻለሁ» አለች። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

ሰማያዊውን ትራስ ልብስና ጋውኔን ከፌስታል አውጥቼ ጎን ለጎን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። ትራሱ ላይ ማንም እጁን አልጫነም። በግራ እጇ አንዱን ነጭ ዳሰሰች፣ ከዚያ ሌላውን።

«ቅባት ነው?»

«ቅባት ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጨርቆቹን አጣጥፋ መለሰችልኝ። በአንድ እጅ ስለሆነ ጊዜ ፈጀባት፣ ላግዝሽ ማለት ፈራሁ። «እኔ ጠይቄሽ ነበር» አለች። አልጮኸችም። አዎ አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። አሁንም አልሰጠችኝም፣ እኔም እንደሰጠችኝ አድርጌ እዚህ አልጽፍም።

እናቷ ክኒኗንና ውሃ አመጡላት። ዋጠች፣ ከኩባያው ግማሹን ጠጣች። እኔም የዕለቱን አልወሰድኩም ነበር፤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊት ለፊቷ ያዝኩት፣ እንድታየው። ክኒኑን አየችው። ከዚያ ኩባያውን ዘረጋችልኝ።

ጠርዙ በከንፈሯ እርሷል። ቀፈፈኝ፣ ልክ እንደ ድሮው። ምንም አልተለወጠም። ዓይኗን ቀና አድርጋ ስታየኝ ያን ቀን ውሃዋን አበባው ሥር ስደፋው እንዳየችኝ ገባኝ። ኩባያውን እንደዘረጋች ናት፣ ወደ ራሷ አልመለሰችውም።

ክኒኑን አፌ ውስጥ ጨምሬ ጠጣሁት፣ እስከ ጭላጩ። ሐኪሟ ሙሉ ብርጭቆ ብላኝ ስለነበር፣ በዚያው ኩባያ ድገሚኝ አልኳት።